«ዛሬ አልሠራልሽም»፦ ከቃሊቲ የተነሳ የቅንድብ ባለሙያ ፍለጋ

የአክስቴ ልጅ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ አንድ የቲክቶክ ቪዲዮ ላከችልኝ። አንዲት ልጅ ዓይኗን ጨፍና ተኝታለች። ጓንት ያደረገ እጅ ቅንድቧ ላይ ጭረት በጭረት ይሠራል። ሙዚቃው ሲቀየር ልጅቷ ተነስታ መስታወት ታያለች፣ አፏን በእጇ ትይዛለች፣ አለቀ። ከቪዲዮው ሥር «ቅዳሜ ላሠራ ነው፤ አብረኸኝ ሂድ» ይላል።

«እኔ ስለ ቅንድብ ምን አውቄ?» አልኳት።

«ስለ ቅንድብ አታውቅም። ነገር ማጣራት ግን ትወዳለህ» አለችኝ። ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ለዘመድ ያለው ጥቅም ይኼ ነው፤ ሞባይል ሲገዛ ይጠራል፣ ዕቁብ ሲገባ ይጠራል፣ አሁን ደግሞ ቅንድብ ሲሠራ ተጠራሁ።

ልጅቷ የምትኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ቃሊቲ አንድ የሕንፃ ዕቃ መሸጫ ውስጥ ካሸር ናት። ሠርጓ ጥር ላይ ነው። በአሥራ ስድስት ዓመቷ ጓደኛዋ በምላጭ ቀንድባት የቅንድቧ ጫፍ ተመልሶ አልበቀለም። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማ፣ በስልኳ ካሜራ እያየች በእርሳስ ትስለዋለች። ዝናብ ሲመጣ ይወርዳል። ስለዚህ «ቅንጦት ነው» ብዬ ልቀልድባት አልቻልኩም። ለዚህ ነገር ከደሞዟ ለወራት ስታጠራቅም ነበር።

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ እንግባባ። ማይክሮብሌዲንግ የሚባለው በጣም ቀጫጭን መርፌዎች በአንድ ረድፍ የተደረደሩበት፣ ምላጭ የሚመስል ጫፍ ባለው እጀታ ቆዳን እየጫሩ ቀለም ማስገባት ነው። እያንዳንዱ ጭረት ፀጉር ይመስላል። ፓውደር ብሮው የሚሉት ደግሞ በማሽን ነጥብ በነጥብ እየወጉ እንደ ዱቄት የተነሰነሰ ጥላ መሥራት ነው። ከንፈር ላይ ሲሆን ሊፕ ብላሽ ይሉታል። ስሙ ምንም ይሁን ምን ሁሉም ንቅሳት ነው፤ መርፌ ቆዳ ውስጥ ይገባል፣ ደም ይነካል፣ ቀለም ይቀራል። ‹ሴሚ ፐርማነንት› የሚለው ቃል ብዙ ሰው ያዘናጋል። ቀለሙ ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ውስጥ ይደበዝዛል እንጂ ተጠቅልሎ ይጠፋል የሚል ዋስትና የለም። አንዳንዱ ሰው ላይ ከአምስት ዓመት በኋላም ግራጫ ወይም ቀላ ያለ ጥላ ሆኖ ይቀራል።

አሁን ወደ ሙያዬ ልውሰዳችሁ፤ አጭር ነው፣ ስክሮል አታድርጉ። ጆርጅ አከርሎፍ የሚባል አሜሪካዊ ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ አንድ ጽሑፍ አወጣ። ሻጩ መኪናው የተበላሸ መሆኑን ያውቃል፣ ገዢው አያውቅም። ገዢው ስለማያውቅ ለሁሉም መኪና መካከለኛ ዋጋ ብቻ ነው የሚከፍለው። በዚህ ዋጋ ጥሩ መኪና ያለው ሰው አይሸጥም፣ ይወጣል። ገበያው ላይ የሚቀረው ብልሹው ነው። አሜሪካኖች እንዲህ ያለውን መኪና ‹ሎሚ› ነው የሚሉት (እኛ ጋ ሎሚ ጥምቀት ላይ ለቆንጆ ልጅ የሚወረወር ነገር ስለሆነ ስድቡ አይገባንም)። አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ2001 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የኖቤል ሽልማት ያገኘው በዚህ ዓይነት ሥራ ነው።

የቅንድብ ንቅሳት ገበያ ከመኪናውም ይብሳል። መኪናው ቢያንስ ሲበላሽ ይቆማል፣ ታውቃለህ። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ግን ከገባ በኋላ ምልክት ለማሳየት ከ30 እስከ 180 ቀን ሊወስድበት ይችላል፤ ብዙ ሰው ላይ ደግሞ ጨርሶ ምልክት አያሳይም። ከስድስት ወር በኋላ የታመመች ልጅ ከየት እንዳመጣችው በምን ታውቃለች? ስለዚህ መጥፎዋ ባለሙያ በገበያው አትቀጣም። ደንበኛዋ በደንብ ስላማረባት ጓደኞቿን ሁሉ ይዛ ትመጣለች።

አያታችን ይህን ችግር በሌላ መንገድ ነበር የፈታችው። እማማ ያደገችው ጎጃም ነው፤ አንገቷ ላይ ሦስት ረድፍ ንቅሳት አላት፣ ድዷም ተነቅሷል፣ ጥርሷ ነጥቶ እንዲታይ። ነቃሿ የአጥቢያው ሴት ሁሉ የሚያውቃት ሴት ነበረች። የሠራችው አንገት ገበያ ሲወጣ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም ይታያል። አንዷን ብታበላሽ በሳምንቱ አገር ይሰማል፣ የሚከፈላት ቁና እህልም ይቀራል። ማስታወቂያም ሪቪውም አያስፈልግም ነበር፤ የዳነው አንገት ሁሉ በየመንገዱ ይሄዳል። አሁን ያለው የቴሌግራም ቻናል ግን ዛሬ ተዘግቶ ነገ በሌላ ስም ይከፈታል።

«ግን መርፌው?» ብዬ ጠየቅኋት።

«የምን መርፌ? ያው አንዱ ነዋ። ስድስት ሆነን ነው የተነቀስነው» አለችኝ። ማለት የነቃሿ እጅ የተመሰከረለት ነበር፣ ንጽሕናው ግን የማንም ዕድል ነበር። አሁን መመርመር ያለባችሁ እነዚህን ሁለቱን ለየብቻ ነው። ጥሩ እጅ ያላት ሁሉ ንጹሕ ናት ማለት አይደለም።

ቅዳሜ መጀመሪያ የገባነው አስፋልት ዳር ያለ፣ መስታወቱ የሚያበራ የውበት ሳሎን ነው። ፀጉር ይሠራል፣ ጥፍር ይሠራል፣ ጥግ ላይ መጋረጃ ተጋርዶ አልጋ አለ። የሚሠራውን ዕቃ አሳዩን አልን። ልጅቷ ሰማያዊ መብራት ያለው ሣጥን ከፈተች፤ ማይክሮዌቭ ይመስላል። መቀስ፣ ወረንጦና ሁለት የማይክሮብሌዲንግ እጀታዎች ውስጡ ተጋድመዋል። አንዱ እጀታ ላይ መርፌው አልወለቀም።

«ይኼ ስቴሪላይዘር ነው፣ ጀርም ይገላል» አለች።

ይህን ሣጥን በየሳሎኑ ስለምታዩት አንድ ነገር ያዙልኝ። የአልትራቫዮሌት መብራት የሚደርሰው ብርሃኑ በቀጥታ ያረፈበት ቦታ ላይ ብቻ ነው። ከሥር ያለውን፣ በመርፌዎቹ መካከል የደረቀውን ደም አይነካም። ዕቃው አስቀድሞ ከጸዳ በኋላ አቧራ እንዳይነካው ማስቀመጫ ሊሆን ይችላል፤ ማምከኛ ግን አይደለም። ሐኪም ቤት መቀስ የሚመክነው በአውቶክሌቭ ነው፤ በግፊት የታመቀ እንፋሎት 121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ይይዘዋል። የሠፈራችንን መብራት የሚያውቅ ሰው ደግሞ የሚቀጥለውን ጥያቄ ይጠይቃል፤ መሀል ላይ መብራት ቢጠፋስ? ያኔ ከመጀመሪያው እንደገና ነው። አልኮል ውስጥ መንከርም ማምከን አይደለም።

መርፌን በተመለከተ ግን አውቶክሌቭም አያከራክረንም። የማይክሮብሌዲንግ ጫፍም ሆነ የማሽን መርፌ ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ቀን ነው። ፋብሪካ ውስጥ መክኖ፣ ለብቻው ታሽጎ፣ የምርት መለያ ቁጥርና የአገልግሎት ማብቂያ ቀን ተጽፎበት ይመጣል። እሽጉ እናንተ ፊት ይቀደዳል፣ ሲጨረስ እናንተ እያያችሁ ይጣላል፤ የሚጣለውም ጤና ጣቢያ የምታዩት ዓይነት ቢጫ ካርቶን ውስጥ ወይም በማይበሳ ዕቃ ውስጥ ነው። ይህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ልጅቷ ጠየቃችሁ ብላ ከተቆጣች ደግሞ ጊዜያችሁን አተረፈችላችሁ፣ ውጡ።

እያጋነንኩ ከመሰላችሁ የአሜሪካውን ታሪክ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2024 ሚያዝያ ላይ የአገሪቱ የበሽታ መከላከልና መቆጣጠሪያ ማዕከል አንድ ሪፖርት አወጣ። ኒው ሜክሲኮ ግዛት፣ አልበከርኪ ከተማ ውስጥ ፈቃድ ያልነበረው አንድ የውበት ቤት ፊት በጥቃቅን መርፌ የመውጋት ሥራ ይሠራ ነበር፤ ‹ቫምፓየር ፌሻል› የሚሉት። ቢያንስ ሦስት ደንበኞች ኤችአይቪ የያዛቸው ከዚያ ቤት ሳይሆን አይቀርም ተባለ። መርማሪዎች ቤቱን ሲያዩ ለአንድ ጊዜ የተሠሩ ዕቃዎች ተመልሰው ጥቅም ላይ ይውሉ እንደነበር የሚያሳይ ነገር አገኙ። አሜሪካ ነው ይኼ።

እኛ ጋ የበለጠ የሚያሳስበው ሄፓታይተስ ቢ ነው፤ አገራችን ውስጥ በስፋት ያለ ቫይረስ ነው፣ ከሰውነት ውጭም ቢያንስ ለሰባት ቀን በሕይወት ይቆያል። እናቶቻችን የወፍ በሽታ የሚሉት የዓይን ቢጫ መሆን አንዱ ምልክቱ ነው። አንድ ቁም ነገር ልጨምር፤ የዚህ ቫይረስ ክትባት ከሕፃናት መደበኛ ክትባት ጋር ተዋህዶ ኢትዮጵያ ውስጥ መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007፣ በእኛ 1999 ዓ.ም. ነው። ይህን የምታነቡ አብዛኞቻችሁ ከዚያ በፊት የተወለዳችሁ ናችሁ። ማለት በሕፃንነታችሁ አልተከተባችሁም ማለት ነው። የአዋቂ ክትባቱ ብዙ ጊዜ በስድስት ወር ውስጥ በሦስት ዙር ይሰጣል። ተመርምሮ መከተብ፣ ቅንድብ ተሠራችሁም አልተሠራችሁም፣ ይጠቅማችኋል።

የአክስቴ ልጅ ከሳሎኑ ስንወጣ «በጣም ነው ያፋጠጥካት» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ትንሽ አብዝቼዋለሁ።

ሁለተኛዋ ቤቷ ውስጥ የምትሠራ ናት፤ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። ያገኘናት በቴሌግራም ነው፣ ዋጋዋም ከሳሎኑ በግማሽ ያንሳል። ቤቷ ንጹሕ ነው፣ ቡና አፍልታ ነው የተቀበለችን፣ እሷም ተጫዋች ናት። ግድግዳው ላይ ወርቃማ ጠርዝ ያለው ሰርተፍኬት ተሰቅሏል፤ ‹ማስተር› ይላል። ቀረብ ብዬ ቀኑን ሳነብ ሥልጠናው የሦስት ቀን ነው።

እኔ የምወደው ሌላ ኢኮኖሚስት አለ፣ ማይክል ስፔንስ፤ ከአከርሎፍ ጋር ከተሸለሙት አንዱ ነው። የሱ ሐሳብ ባጭሩ፦ ምልክት የሚሠራው ለብልሹው ሰው ለማግኘት ውድ ሲሆን ነው። ማንም በሦስት ቀን የሚያገኘው ወረቀት ጎበዙን ከሰነፉ አይለይም። ስለዚህ ወረቀቱ መኖሩን ሳይሆን የተጻፈበትን አንብቡ። ስንት ቀን ነው? በሰው ቆዳ ላይ ነው የተለማመደችው ወይስ በፕላስቲክ? ስለ ደም ንክኪና ስለ ኢንፌክሽን መከላከል የተማረችው አለ? የሙያ ብቃት ምዘና፣ ሲኦሲ የምንለውን አልፌያለሁ ካለች ደግሞ በምን ሙያ እንደሆነ እዩ። የፀጉር ሥራ ሲኦሲ ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ለፀጉር ነው።

ንግድ ፈቃድም እንደዚሁ። በሚታይ ቦታ መሰቀል አለበት፣ የቲን ቁጥሩን ይዛችሁ ኢትሬድ በሚባለው የንግድ ሚኒስቴር ድረ ገጽ ላይ በስልካችሁ ማጣራት ትችላላችሁ። የሚነግራችሁ ግን ቤቱ በሕግ መኖሩን ነው፤ ነገ ችግር ቢመጣ የምትከስሱት ሰው አለ ማለት ነው። ይኼም ትንሽ ነገር አይደለም። አራተኛ ፎቅ ላይ ያለችው ልጅ አልነበራትም።

እንደ ኢኮኖሚክስ ተማሪ ሳይሆን እንደ ቲክቶክ ተጠቃሚ የሠራሁት ሥራ ግን የተሻለ ጠቀመን። ቡናው እስኪፈላ ድረስ ከቻናሏ ላይ አራት ፎቶ ስክሪን ሻት አድርጌ ጎግል ሌንስ ላይ አስገባሁ። ሁለቱ የውጭ አገር ባለሙያ ገጽ ላይ ከዓመታት በፊት የወጡ ነበሩ። ለልጅቷ ምንም አላልኳትም። ለአክስቴ ልጅ ስልኩን አቀበልኳት፣ አየችው፣ ቡናዋን ጠጣች፣ «እናስብበታለን» ብላ ተነሳች። ደረጃው ላይ ስንወርድ ግን በንዴት ፊቷ ቀልቶ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ፎቶ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም አብዛኞቻችን የምንመርጠው በፎቶ ነው። አዲስ የተሠራ ቅንድብ ሁሉ ያምራል። ጥቁር ነው፣ ጥርት ያለ ነው፣ ካሜራ ይወደዋል። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ቅርፊት ይይዝና ይረግፋል፣ ሁለተኛው ሳምንት አካባቢ ቀለሙ የጠፋ ይመስላል፣ ትክክለኛው መልኩ የሚታየው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት በኋላ ነው። ስለዚህ የምትጠይቁት የዳነ ፎቶ ነው። የአንድ ወር፣ ከተገኘም የአንድ ዓመት። ከፎቶ ደግሞ ቪዲዮ ይሻላል፣ በመስኮት ብርሃን፣ ያለ ፊልተር። ከዚያ በላይ የሚሻለው የሠራችላትን አንዲት ልጅ በአካል ማየት ነው፤ ልክ እንደ እማማ ነቃሽ።

የቆዳ ቀለማችንን የሚመስል ሰው ላይ የሠራችውን እዩ። ቀለሙ የሚታየው በራሳችን ቆዳ ውስጥ አልፎ ነው። ነጭ ቆዳ ላይ ቆንጆ ቡናማ የሆነ ቀለም ጠይም ልጅ ላይ አመድማ ወይም ሰማያዊ ሊመስል ይችላል። ቅባት የሚበዛበት ቆዳ ላይ ደግሞ የማይክሮብሌዲንግ ቀጫጭን ጭረቶች ጊዜ ሲያልፍ ተዋህደው ይድበሰበሳሉ። እንዲህ ላለ ቆዳ ብዙ ባለሙያዎች ፓውደር ብሮው ነው የሚመክሩት። ፊታችሁን ሳትነካና ሳታይ፣ በኢንቦክስ ብቻ «ማይክሮብሌዲንግ ነው የሚሆንሽ» የምትል ልጅ ገና አላወቀቻችሁም።

ቀለሙ ራሱስ? ጠርሙሱን አሳዩኝ በሉ፣ ፎቶ አንሱት። ስም፣ የምርት ቁጥር፣ የማብቂያ ቀንና የይዘት ዝርዝር ሊኖረው ይገባል። ዝርዝሩ ላይ ሲአይ 77491፣ 77492፣ 77499 የሚሉ ቁጥሮች ካያችሁ የብረት ኦክሳይድ ቀለሞች ናቸው፤ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር። 77266 ካርበን ጥቁር ነው። ቁጥሩ ሁሉ ትርጉም ይሰጣችኋል ማለቴ አይደለም። ግን በኋላ አለርጂ ቢነሳባችሁ ሐኪሙ የመጀመሪያ ጥያቄው «ምን ነበር የተቀባሽው?» ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ በንቅሳትና በፐርማነንት ሜካፕ ቀለም ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ኬሚካሎችን ገድቧል። እኛ ጋ ኮስሞቲክስ በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሥር ነው፤ ጥርጣሬ ያላችሁ ምርት ካለ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነፃ የስልክ መስመር 8482 ነው።

«ምንም አያምም» የሚሉበት ማደንዘዣ ቅባትም አለ። ውስጡ ያለው ብዙ ጊዜ ሊዶኬይን ነው። የአሜሪካ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ያለ ሐኪም ትእዛዝ በሚሸጥ ቅባት ውስጥ ከ4 በመቶ በላይ ሊዶኬይን እንዳይኖር ይመክራል፤ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ከዚህ በላይ አላቸው ያላቸውን ለንቅሳትና ለማይክሮብሌዲንግ የሚሸጡ ቅባቶች በስም ጠርቶ አስጠንቅቋል፤ ቲ ኬ ቲ ኤክስ የሚባለው አንዱ ነው። ብዙ ተቀብቶ፣ በላስቲክ ተሸፍኖ ለረጅም ሰዓት ሲቆይ ወደ ደም ገብቶ የልብ ምት ሊያዛባ፣ ሰውነት ሊያንቀጠቅጥ ይችላል። ቱቦውን አንብቡት።

ወደ ሦስተኛዋ ልመለስ። በሳምንቱ ከቃሊቲ ባቡር ይዘን መስቀል አደባባይ ወረድን፣ ከዚያ በታክሲ። የአክስቴ ልጅ ገንዘቡን በቦርሳዋ ይዛለች፤ «ዛሬ ሳልሠራ አልመለስም» ብላኛለች። ሴትየዋ አርባዎቹ ውስጥ ናት፣ ብዙም አትስቅም። ዋጋዋ ከአራተኛ ፎቋ ልጅ ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ቅር አለኝ፣ ግን ሒሳቡን ሳስበው አንድ ሰው ላይ ሁለት ሦስት ሰዓት ነው የምትቀመጠው፤ መርፌው ይጣላል፣ ጓንቱ ይጣላል፣ ከስድስት ሳምንት በኋላ ያለው ማስተካከያም በዋጋው ውስጥ ነው። ግማሽ ዋጋ ስትሰሙ «ከእነዚህ ውስጥ የትኛው ነው የተቀነሰው?» ብላችሁ ጠይቁ።

መርፌ ከማሳየቷ በፊት ወረቀት ሰጠችን፣ የጥያቄ ፎርም። እርጉዝ ነሽ? ታጠቢያለሽ? ስኳር አለብሽ? ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ትወስጃለሽ? ላለፉት ወራት ለብጉር የሚዋጥ ክኒን ወስደሻል? ፀጉር ስትቀቢ አሳክኮሽ ያውቃል? ከንፈር ለሚያሠሩ ደግሞ ለብቻው አንድ ጥያቄ አለ፤ «ምች ወጥቶብሽ ያውቃል?» ይህን ሳይ ሴትየዋን ወደድኳት። ምች ብለን ዳማ ከሴ የምናሽለት ከንፈር ላይ የሚወጣው ቁስል ብዙ ጊዜ የሄርፒስ ቫይረስ ነው፤ አንዴ ከገባ ነርቭ ውስጥ ተደብቆ ይኖራል። ከንፈር በመርፌ ሲወጋ ሊቀሰቀስ ይችላል፣ ቀለሙንም ያበላሸዋል። ስለዚህ ምች የሚወጣባት ልጅ አስቀድማ ሐኪም አይታት መከላከያ መድኃኒት ልትወስድ ይገባል። ይህን ያልጠየቀች ባለሙያ ከንፈራችሁን ባትነካ ይሻላል።

የአክስቴ ልጅ ሁሉንም «የለም፣ የለም» ብላ ሞላች። ሴትየዋ ወረቀቱን ተቀብላ ፊቷን በብርሃን አየች፣ ፀጉሯን ከጆሮዋ ላይ ገለጥ አደረገች።

«ይኼ ምንድን ነው የኔ እናት?»

ሁለተኛውን የጆሮ ቀዳዳ ስትበሳ የወጣ እብጠት ነው። ከሽንብራ ትንሽ ይበልጣል። ድሮ የነበረ ስለሆነ እንደ በሽታ አልቆጠረችውም።

«ኬሎይድ ይመስላል። ዛሬ አልሠራልሽም» አለች ሴትየዋ።

ኬሎይድ ማለት ቁስል ከዳነ በኋላ ጠባሳው ከቁስሉ ወሰን አልፎ እያበጠ የሚያድግበት ነው። ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ ይበዛል፣ በቤተሰብም ይወረሳል። ጆሮ፣ ደረት፣ ትከሻና አገጭ አካባቢ ነው በብዛት የሚወጣው። ቅንድብ ላይ ያን ያህል የተለመደ አይደለም፤ ሴትየዋም ይወጣብሻል አላለችም። «አላውቅም፤ የቆዳ ሐኪም አይቶሽ ይሁን ካለ ተመለሽ። ገንዘብሽን አልወስድም» ነው ያለችው።

የአክስቴ ልጅ ለመነቻት። ሠርጌ ነው አለች፣ በኃላፊነቴ ነው አለች፣ እፈርማለሁ አለች። ሴትየዋ ውኃ ቀዳችላት እንጂ አልተንቀሳቀሰችም። ባቡር ውስጥ እስከ ቃሊቲ ድረስ አላናገረችኝም፤ እኔ ምን አጠፋሁ?

ያን ቀን ማታ ነው ስፔንስ የገባኝ ብል ይሻላል። ሰርተፍኬት ማሳተም ርካሽ ነው፣ የሰው ፎቶ መለጠፍ ነፃ ነው፣ ‹ማስተር› ብሎ መጻፍም ነፃ ነው። በእጅ የመጣን ገንዘብ መመለስ ግን ያስከፍላል። ደንበኛ ላይ ብቻ የሚኖር ሰው ለማስመሰል ብሎ የሚያደርገው ነገር አይደለም። ስለዚህ አሁን ጓደኞቼ ሲጠይቁኝ አንድ ነገር ጠይቁ እላቸዋለሁ፤ «ለምን ዓይነት ሰው ነው አልሠራም ያልሽው?» ጥሩዋ ወዲያው ሦስት አራት ትነግራችኋለች። ሌላዋ «እኔ ለሁሉም እሠራለሁ» ትላለች።

የቆዳ ሐኪም ማየት ብዙ ሰው ስለ ወረፋው ብቻ ያስባል። ከእኛ ሠፈር በቀለበት መንገድ ዘነበወርቅ ያለው አለርት ሆስፒታል በዚህ የታወቀ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመ፣ በኋላ የቆዳ ሕክምና ትልቁ ቦታችን የሆነ። የግል ክሊኒኮችም አሉ። ሐኪሙ ጆሮዋን አይቶ ኬሎይድ መሆኑን አረጋገጠላት። ቅንድብ ላይ አደጋው ዝቅተኛ ነው፣ ዜሮ ግን አይደለም አላት። ከሁሉ በላይ ግን ጊዜውን ጠየቃት፤ ሠርጉ ሰባት ሳምንት ነበር የቀረው። መጀመሪያው ሥራ፣ ከስድስት ሳምንት በኋላ ማስተካከያው፣ ከዚያ ቅርፊቱ። ቅርፊት ይዛ ድንኳን ልትገባ ነበር። ይህን ሒሳብ እኔ ነበርኩ መሥራት የነበረብኝ፤ አልሠራሁትም። ጥር ላይ የምትጋቡ ልጆች፣ መስከረም ላይ ጀምሩ።

ማጥፋትም እንደምታስቡት ቀላል አይደለም። «ካላማረኝ በሌዘር አስጠፋዋለሁ» የሚል ሰው ብዙ ነው። የብረት ኦክሳይድና የቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ያለባቸው ቀለሞች በሌዘር ሲመቱ ከመጥፋት ይልቅ ድንገት ሊጠቁሩ ይችላሉ፤ ጠይም ቆዳ ላይ ደግሞ ሌዘሩ ራሱ ጠባሳ ወይም ነጭ ቦታ ሊተው ይችላል። ከዚያ ተደጋጋሚ ቀጠሮ፣ ተደጋጋሚ ክፍያ።

የአክስቴ ልጅ ሴትየዋ ጋ ተመልሳ ሄደች፣ ብቻዋን፣ እኔን ሳትነግረኝ። ልትሠራ አይደለም። ለግማሽ ሰዓት ክፍያ ከፍላ፣ ለፊቷ የሚሆነውን ቅርጽ ለክታ በእርሳስ እንዴት እንደሚሠራ አሳየቻት። ውኃ የማይለቀው እርሳስ የትኛው እንደሆነም ነገረቻት። ንቅሳቱን ከፋሲካ በኋላ አይታ ትወስናለች፤ ጀርባ ላይ፣ ፀጉሯ ሥር፣ ትንሽ ቦታ ላይ መጀመሪያ ሞክረው ሊያዩ ተስማምተዋል።

የሠርጉ ዕለት ጠዋት ሚዜዎቹ ሲጯጯሁ እማማ ሙሽራዋ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ፊቷን አገላብጣ አየችና አውራ ጣቷን በምራቋ አርሳ ቅንድቧን ጠረግ አደረገችው። ጥቁሩ ጣቷ ላይ መጣ። ውኃ አይለቀውም የተባለውን የእማማ ምራቅ አለቀቀው።

«ውይ!» አለች የአክስቴ ልጅ።

እማማ ነጠላዋን ከአንገቷ ላይ ዝቅ አድርጋ ሦስቱን ረድፍ አሳየቻት። «የኔ ይኸው ስንት ዘመኑ» አለች፤ ከዚያ ጣቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና እርሳሱን አቀብሉኝ አለች።